ያልተበላው እንቁላል የተጻፈበት ደብተር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ተዳርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ይህ ደብተር ግን ባዶ አይደለም። የፊተኞቹ ገጾች በእኔ እጅ የተሞሉ ናቸው። ያንን መጻፍ አልለውም፤ ግማሹ ውሸት ነው።

አሁን ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሩ ከተዘጋ ቆይቷል። ዝም ብዬ ስቀመጥ ዓይኔ ከበሩ አልነሳ ይላል፤ ስጽፍ ግን ትንሽ ይተወኛል። ስለዚህ በተረፉት ገጾች የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ውስጥ ያሉት የባሌ አባት ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ሲወጡ ሁለት እግር ይዘው ይሁን ወይ አንዱ ከጉልበት በታች ተቆርጦ፣ አላውቅም። ዶክተሩም «ከፍቼ ካላየሁ አላውቅም» ብሎኛል።

ቤታችን ከዳባት ወዲያ ነው። ከመኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ኅዳር መግቢያ ላይ አባባ ክምር ላይ ወጥተው ገብስ ይከምራሉ፣ እኔ ከታች ሆኜ ነዶ አቀብላለሁ። አንዱ ነዶ ከእግራቸው ሥር ሸሸና ወደቁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ የቅልጥማቸው አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፤ ነጭ ነው፤ ገለባ ተለጥፎበታል።

መጮህ ነበረብኝ። ግን እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ።

«ጩኺ እንጂ ሙሽሪት!» አሉኝ አባባ ከመሬት ላይ። «እኔው ተሰብሬ እኔው ልጩህ?»

ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ጮኹ። ጎረቤት የሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው።

ወጌሻው መጣ፣ አየ፣ አልነካም። «ይህን እኔ አልደፍረውም፤ ጎንደር አውርዱት» አለ። በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በመኪና አመጣናቸው። የሸኙን ሰዎች አጨዳ አለባቸውና በማግስቱ ተመለሱ። ባሌ ሰሊጥ ለመሰብሰብ ሳንጃ ወርዷል፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ የዚያ አገር ስልክም አይሠራም። የባሌ እናት እኔ ሳልዳር ነው ያረፉት። ስለዚህ አስታማሚ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ከሁሉም በላይ የፈራሁት ሰው ቢያናግረኝስ ብዬ ነበር። ከዚህ የከፋ ፍርሃት እንዳለ ገና አላወቅኩም።

የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ይህን ልንገረው። የልጅ ሚስት በባሏ አባት ፊት አትበላም። እሳቸው ሲበሉም አታይም። እኔ ሳህኑን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። «ተመስገን» ሲሉ ብቻ ዞሬ ሳህኑን አነሳለሁ። ሆስፒታልም ያንኑ አደረግሁ። ሌላ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን አጥንቱን በብረት ገጠሙት። ሲነቁ ሲስተሯ መጥታ ክንዳቸውን በጥብጣብ ለካች።

«ምነው ልጄ፣ እጀ ጠባብ ልታሰፊልኝ ነው?» አሏት።

«ጨርቅ እንኳ አይፈጅም አባባ፤ ክንድዎ የሕፃን ክንድ አክሏል።» ጥብጣቡን እየጠቀለለች ወደ እኔ ዞረች። «ብረቱን ዶክተሩ አስገብቷል። ቁስሉን የሚዘጋው ግን ምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ከተገኘ ሥጋ። ሰውነታቸው ቁስሉን የሚደፍንበት ነገር የለውም፤ ባዶ ነው። መጻፍ ትችያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ይህን ደብተር ሰጠችኝ።

«የበሉትን ብቻ ትጽፊያለሽ። በየቀኑ። እኛ የምናየው ይህንን ነው።»

ለእኔ የጽሕፈት ሥራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። መስመሩን በማስመሪያ እንዳሰመርኩ ትዝ ይለኛል፤ ማስመሪያው የመድኃኒት ካርቶን ነበር። «ጠዋት፦ እንቁላል ሁለት። ወተት አንድ ኩባያ።» ከበሩ ላይ ከሚሸጡት ሴቶች የተቀቀለ እንቁላል እገዛለሁ፤ አስቀምጣለሁ፤ እዞራለሁ፤ «ተመስገን» ይላሉ፤ ስዞር ሳህኑ ላይ ቅርፊት ብቻ አለ። ያየሁትን ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ውሸት መሆናቸውን ስጽፋቸው አላወቅኩም ነበር። ይህ ግን ከጥፋቴ አያወጣኝም።

ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ የአይከል ልጅ የሆነ የባጃጅ ሾፌር ተኝቷል። ጭኑ ተሰብሮ በእግሩ ላይ በገመድ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። አንድ ወንድም አለው፤ በሦስት ቀን አንዴ ከአይከል እየመጣ ያየዋል። ሾፌሩ አፉ አያርፍም።

«ባጃጄ በሦስት እግሯ ቆማ ትስቅብኛለች» ይላል። «እኔ ሁለት ይዤ አንዱን አጣሁ። አያ፣ እርስዎስ ከምን ወደቁ?»

«ከገብስ።»

«ከጠላው ነው ከእህሉ?»

አባባ ሲስቁ እሰማለሁ። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ በነጠላዬ ውስጥ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ውጭው ገና ስላልነጋ የመስኮቱ መስታወት በመብራቱ የክፍሉን ውስጥ መልሶ ያሳይ ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ እንደ ልማዴ ዞርኩ፤ ፊቴ ግን በመስኮቱ በኩል ነበር። የአባባ እጅ ከጋቢው ወጣ። እንቁላሉን ወደ ጎረቤት አልጋ አቀበለ። ሁለተኛውንም አቀበለ። ሾፌሩ ልጦ ዋጠና ቅርፊቱን መልሶ በአባባ ሳህን ላይ አደረገው። ወተቱንም እንዲሁ ጨለጠው። ከዚያ አባባ «ተመስገን» አሉ።

ዞርኩ። ዓይኔ መሬት ነው።

«አየሽ እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኧረ እኔ ምንም አላየሁ።»

«ጾም ገብቷል። ይቺ ሲስተር ይህ አይገባትም። አንቺ እንደ ወትሮሽ ጻፊ።»

ማየቴን ብናገር ሲበሉ ማየቴን መናገሬ ነው። እምቢ ብል ደግሞ ለእሳቸው እምቢ ብዬ አላውቅም። እስክርቢቶውን አነሳሁ። «እንቁላል ሁለት። ወተት አንድ ኩባያ።» ፊደሎቹ ከሌላው ቀን ይልቅ አምረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያወቅኩ ጻፍኩ።

ቁስሉ አልጠገገም። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ውሃ ነገር ነበረው፤ ከዚያ መግል መጣ፤ ከዚያ ሽታው። ሲስተሯ ፋሻ ስትፈታ የእሷን ፊት ነበር የማየው፤ ፊቷ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨልም ነበር። የአባባ ጉንጭ ገብቶ ጥርሳቸው ገጦ ታየ። የአገጫቸው አጥንት ብቻውን የሚናገር ይመስል ነበር። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ከአልጋው ሥር ምንጣፌ ላይ ተኝቼ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ፤ አንዱ ሲዘገይ እኔም የራሴን እይዛለሁ።

ዶክተሩ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ሲዞር ደብተሩን ጠየቀኝ። አገላበጠው።

«እንዲህ እየበሉ ለምን አይጠግግም?» አለ ለጓደኞቹ። «ምግቡ አይደለም ማለት ነው። ሌላ ነገር ነው።»

ደም ተቀዳ። መድኃኒት ተለወጠ። እንደገና ደም ተቀዳ። ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ፤ እኔ ግን የማየው ጫማውን ነበር።

«እህቴ፣ በምግብም በመድኃኒትም አልሆነም። መግሉ ወደ ደማቸው ከገባ እሳቸውን ማጣት ነው። ከዚያ በፊት ከጉልበት በታች መቁረጥ ሊኖርብን ይችላል። ለቤተሰቡ ንገሪ።»

ቤተሰቡ እኔ ነበርኩ። ለማን ልንገር? ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ገበሬ ናቸው። በአንድ እግር ሞፈር አይያዝም። ሐኪሞቹን እዚህ ያደረሳቸው የእኔ ጽሕፈት እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ሰው ግን ነበር። ያን ሰሞን ከሾፌሩ እግር ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ተፈትቶለት በክራንች መቆም ጀምሯል፤ ፊቱ ወዝ አውጥቷል። ወሬውን ሲሰማ ወደ አባባ አልጋ እያነከሰ መጣና አለቀሰ።

«አያ፣ እኔ እኮ እንቁላል የበላሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የእርስዎን እግር ነው የበላሁት።»

«ተወኝ ወዲያ» አሉት አባባ። «ሸጋ ሰው በላው። ምነው ታለቅሳለህ?»

እኔ ከሲስተሮቹ ክፍል በር ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ሲስተሯ ቀና ስትል አንገቴን እሰብራለሁ፤ «ምን ፈለግሽ?» ስትል «ምንም» እላለሁ። በአራተኛው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ በደብተሩ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሲስተር፣ እዚህ የተጻፈው ውሸት ነው። አባባ እንቁላል አልበሉም። ወተትም አልጠጡም። እያየሁ ጻፍኩ።» ገብቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። መሮጥ ፈለግሁ፤ ግን በሩን ይዤ ቆምኩ።

አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ከስንት ቀን ጀምሮ?»

በጣቶቼ አሳየኋት። ጣቶቼ አልበቁም።

«አንቺ ልጅ!» አለች። «ይህን ደብተር አምነን እኮ ነው እግር ልንቆርጥ የተነሳን!»

እንደምትመታኝ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት የለችም፤ ደብተሩን ይዛ ወደ ዶክተሩ ሄዳለች። ሲመለሱ ሁለት ሳምንት ተሰጠን። ቁስሉን እያጠቡ ይጠብቃሉ፤ እኔ አበላለሁ። ሥጋ ካወጣ ይዘጋል፤ ካላወጣ ይቆረጣል። ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጾሙ ነው ብለን የንስሐ አባታቸው ዘንድ በሾፌሩ ስልክ አስደወልን። ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ ያዝኩላቸው።

«የታመመ ሰው ጾመኛ አይባልም፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ብላ፤ እኔ ፈትቼሃለሁ» ሲሉ ለእኔም ተሰማኝ። አባባ ስልኩን ተሳለሙ። «እሺ አባቴ» አሉ። ልቤ አረፈ።

በማግስቱ ሾፌሩ አልቀበል ስላላቸው እንቁላሉን ከትራሳቸው ሥር አገኘሁት። በማግስቱም። ስለምናቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ውሃ እንኳ በጉንጭ ነበር የሚጠጡት። ከሁለቱ ሳምንት አራት ቀን ሄደ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣብኝ፤ እሳቸው ለመሞት ቆርጠዋል ብዬ አሰብኩ።

በአምስተኛው ቀን የሾፌሩ ወንድም ከአይከል መጣ። ሰላምታ ሳይጨርስ አባባ፦

«ሙሽሪት፣ ጨው አልቋል፤ ሂጂ ግዢ» አሉኝ።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጨው አላለቀም። ከአልጋው ሥር ከዕቃችን ጋር አራት ያልተከፈተ ፓኮ ጨው አለ፤ ሁሉንም እኔ ነኝ የገዛሁት፤ አራት ጊዜ ልከውኛል። እያንዳንዱን የገዛሁበትን ቀን ማስታወስ ጀመርኩ። ጨው የሚያልቀው የሾፌሩ ወንድም በመጣ ቀን ብቻ ነበር።

ተመለስኩ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። የሾፌሩ ወንድም የአባባን ፖፖ በጨርቅ ሸፍኖ ይዟል።

«አያ፣ ምነው እስከ ዛሬ ጠበቁ? ይቺ ልጅ እያለችልዎ?»

«የልጄ ሚስት እኮ ናት!» አሉ አባባ። «ሽንቱንስ በፕላስቲኩ ለብቻዬ እወጣዋለሁ። ይህን ግን እሷ ከምትይዝልኝ ብሞት ይሻለኛል። ካልበሉ አይመጣም፤ እሱ ነው መላው። አንተ እስክትመጣ በትንሹ እይዘዋለሁ።»

ወንድምየው አጠገቤ እያለፈ ወጣ። አየኝና ጨርቁን አስተካከለ። ኮሪደሩ ላይ ፊቴ ተቃጠለ። ፖፖው ከአልጋው ሥር ያለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ስጠርግ በእግሬ ገፋ አድርጌ እጠርጋለሁ እንጂ «አባባ፣ ላምጣልዎት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ለእሳቸው ክብር ነው እያልኩ ነበር። ለራሴም ነበር። እኔም አፍሬ ነበር፤ ባይጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለሲስተሯ ስነግራት አልገረማትም። «ስንቱ ሽማግሌ እንዲህ እያደረገ ነው» አለች። «እኛ የሚበሉትን እንጽፋለን፤ የሚፈሩትን አንጠይቅም።» ከዚያም በአልጋው ዙሪያ ጋቢ የምሰቅልበት ገመድ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ገመዱን አሰርኩ፤ ጋቢዬን ሰቀልኩ። ፖፖውን አውጥቼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። አባባ ያዩኛል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይብሉ አባባ። ሲመጣ እኔ እይዛለሁ።»

«ሂጂ ጨው ግዢ።»

«ጨው አለ። አራት ፓኮ አለ።»

ከፖፖው ወደ እኔ አዩ። እንዳወቅኩ ገባቸው።

«የልጄ ሚስት ነሽ!»

«ልጅዎ ሳንጃ ነው። ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ውጪ ብያለሁ!»

ፖፖውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አልወጣም» አልኩ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ሰምቶታል።

ከጋቢው ማዶ ሾፌሩ፦ «አያ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ክራንቼን እንኳ ቢሰርቁኝ አላይም» አለ።

ማንም አልሳቀም። አባባ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴን የሸፈንኩ እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ጠዋት የሸፈኑት እሳቸው ናቸው። ከጋቢው ውስጥ ድምፃቸው ታፍኖ መጣ።

«እንቁላሉ የታለ?»

በሉ። ጋቢውን ከአፋቸው ላይ ብቻ ገለጡ፤ አንዱን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። እኔ አልዞርኩም፤ እያየሁ ጻፍኩ፦ «እንቁላል አንድ።» አንድ ብቻ ስለነበር አንድ ጻፍኩ። የተፈራው ነገር ሲመጣ እኔም አፈርኩ፣ እሳቸውም አፈሩ፤ አለቀ። ታጠብኩ፣ ተመለስኩ፣ ወተቱን ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱ አልተፈታም።

ቀኖቹ ግን ጥቂት ነበሩ። ሲስተሯ ክንዳቸውን ስትለካ እኔ ጥብጣቡ ላይ ያለውን መስመር ከእሷ ቀድሜ ለማየት አጎነብስ ነበር። የጨመረው የእህል ፍሬ ያህላል። ቁስሉ ውስጥ ቀይ ሥጋ ታየ፤ በአንድ በኩል ግን ጥቁሩ አልለቀቀም። ትናንት ዶክተሩ አይቶ፦ «ተሻሽሏል» አለ፤ እኔ ግን ፊቱን ማየት ተምሬያለሁና ያልጨረሰው ነገር እንዳለ አወቅኩ። «ነገ ከፍተን እናያለን። አጥንቱ ደህና ከሆነ እንዘጋዋለን። ካልሆነ…» አለና አባባን አየ።

«ካልሆነ ትቆርጠዋለህ» አሉት አባባ። «ግን ደህና አድርገህ እይ። የእሷ እጅ አለበት።»

ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ምንም እንዳይበሉ ተከልክለዋል። ስንት ቀን ብሉ ብሉ ስል ከርሜ፣ ዛሬ «ርቦኛል» ሲሉኝ የምሰጣቸው የለኝም። ደብተሩ ላይ የዛሬውን ቀን ጽፌ ፊት ለፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ሲወስዷቸው በተሽከርካሪው አልጋ ጎን ሄድኩ። ነጠላዬ ከራሴ ወርዶ ነበር፤ አላነሳሁትም። ዘግይቼ እንደሆነስ? ያን ደብተር ሳምንት ቀድሜ ሰጥቼ ቢሆንስ? ይህን ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈለግሁ፤ እንደዚያ የክምሩ ቀን ሳልናገረው ደብተሩን አቀፍኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ የሚገፋው ሰውዬ አልጋውን አቆመ። አባባ እጃቸውን አውጥተው በክንዴ ያቀፍኩትን ደብተር ነካ አደረጉት።

«ስወጣ እበላለሁ ሙሽሪት» አሉኝ። «ሳልበላ ግን እንዳትጽፊ።»